የዘገየ መርዶ

ከወራሚት ዳር ላይ፣ ከማንጎው ሥር ቆሞ፣
ወባ እንደያዘው ሰው ማማው ይርዳል ታሞ።
ከታች፣ መቶ አርባ ሜትር፣ መሰርሰሪያው ጥርስ
ጥቁር ድንጋይ ነክሶ፣ አይሄድ፤ አይመለስ።
ከላይ ግን ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ቧንቧው እንደ ገመድ እየተጠመዘዘ ቂም ይቋጥራል።
ድንገት ደግሞ — ለቀቀ!
የተቋጠረው ቂም በአንድ ትንፋሽ ተፈታና
ጥርሱ እንደ እብድ ዞረ፤ ዞረና
ቆመ እንደገና።

እኔ በጄኔሬተሩ ጥላ፣ ኮምፒውተሬ በጭኔ፣
"ይህን ግትር ማስተማር ለኔ"
ብዬ ነው የመጣሁት።
ፖሊ ግቢ ሳለሁ፣ ትምህርቱ አጭር ነበር፣ በቃሌ ያጠናሁት፦
የምትሺውን እወቂ፤ ያለውን ለኪ፤
በልዩነቱ ልክ መሪውን ንኪ።

በመጀመሪያው ቀን ቸኮልኩኝ፤ ቁጥሩን አበዛሁት።
ትንሽ ቢዘገይ በብዙ ገረፍኩት፣
ትንሽ ቢፈጥን በብዙ ገታሁት።
ማማው ጮኸ። ብሎን ረገፈ። የጭቃው ፓምፕ አስታወከ።
ጋሽ ቢምረው ሞተሩን አጥፍቶ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከ፤
ከወራጁ ጭቃ አንድ እፍኝ ዘገነ፣
በአውራ ጣቱ አሽቶ ፈተነ።
"አንቺ ልጅ" አለኝ፣ "ይህ ድንጋይ አሁን የተሰበረ መሰለሽ?
ከሩብ ሰዓት በፊት ነው የሞተው፤ መርዶው ነው አሁን የደረሰሽ።
ታች ያለው ሌላ ሆኗል፤
አንቺ ቀብሩ ካለፈ ወዲያ ደረት ትደቂያለሽ።"

በሁለተኛው ቀን ደግሞ፣ አይሳቅብኝ፣
የፍሰት መለኪያው ዜሮ አሳየኝ።
"ውኃው አለቀ!" ብሎ ፕሮግራሜ ጮኸ፤ ቫልቩን በሙሉ ከፈተ፤
ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የጋሽ ቢምረው ቦቲ በጭቃ ከበደ፣ ተጎተተ።
ለካ ውኃው አልጎደለም።
ከሐይቁ የተሳበች አንዲት የእምቦጭ ሥር
ከመለኪያው መዘውር ላይ ተጠምጥማ፣
ዓይኔን ጥላዋለች ከጨለማ።
ዕውር ሲመራ እንዲህ ነው፤
ደግሞ እርግጠኛ ሲሆን ነው የከፋው።

ማታ በሐይቁ ዳር ሄድኩ፤ ነፋሱ ከደቅ በኩል ይመጣል።
ወደቡ ላይ ሁለት ጀልባ። አንዱ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤
ማዕበል በመጣ ቁጥር ግጭቱን ለምሰሶው ይመልሳል፣
ምሰሶውም ለሱ፤ ገመዱ ይላላጣል።
ሌላው ግን አንድ ክንድ ገመድ ተትቶለት
ማዕበሉን ይውጠዋል፣ ሸብረክ ብሎለት።

ሰከላ ላይ በሐምሌ የወረደው ዶፍ
ከጫራ ጫራ በር ደርሶ የሚያልፍ
ደመራ ሲደመር ነው። አየነው፣ የበሩ ሠራተኛ፣
ንግግሩ አጭር፣ ሰውየው ዝምተኛ፣
ዛሬ ዘነበ ብሎ ዛሬ አይከፍትም፤
ዛሬ ጠራ ብሎ ዛሬ አይዘጋም።
የውኃ ልኩን ያያል፤ ግማሽ ዙር ያዞራል፤
ከዚያ — እኔን ያቃተኝ ይህ ነው — ይጠብቃል።

ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩ። ቁጥሩን ቀነስኩት።
ከታች የሚመጣውን ሞገድ፣ እንደ ጀልባው ገመድ፣
ሞተሩ እንዲውጠው ፈቀድኩት።
ከመርዶው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ታች ያለውን በግምት የሚያይ
ትንሽ ህልም ጨመርኩበት ከሥሌቱ ላይ፤
መርዶው ሲደርስ ህልሙን የሚያርም፣
"ተሳስቻለሁ" ለማለት የማያፍርም።

በአራተኛው ቀን፣ ገና በቅጡ ሳይነጋ፣
የሚዘለው መስመር ስክሪኑ ላይ ረጋ።
ማማው እንደ ዳነ በሽተኛ፣ ላቡ ደርቆ፣ አረፈ፤
ጥርሱ ድንጋዩን ሳይጣላ፣ እየበላ አለፈ።
መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር ላይ ጭቃው ቀጠነ፣ ነጣ፤
ውኃው መጣ።
እጄ ግን ወደ ቁልፎቹ ሄደ፣ አንድ ነገር ላስተካክል።
"ተዪው" አለኝ ጋሽ ቢምረው፣ ቦቲውን አጥቦ ሲሰቅል።

ተውኩት።
ግን ትናንት ማታ፣ ወንድሜ ከመተማ አልደወለም ብዬ፣
ሰባት ጊዜ ደወልኩ። በስምንተኛው አነሳ፦ "ኧረ እትዬ፣
ኔትወርክ አልነበረም፤ ደህና ነኝ። ምን ሆነሻል?"
ምን ልበል?
ለብረቱ የጻፍኩትን ትዕግሥት
በራሴ ላይ እስካሁን አልጫንኩት።